የሰባት ሰው ጉድጓድ

በቅሎዋ ፊት ፊት ትሄዳለች። በላይዋ ጃንጥላ ይወዛወዛል፤ ከጃንጥላው ሥር የአገረ ገዢው ጸሐፊ ተቀምጧል። ከኋላ አንዲት አመድማ አህያ የተጠቀለለ የጠፍር ገመድ ተሸክማ ትከተላለች፤ ከአህያዋ ጎን ደግሞ አንዲት ሴት በእግሯ ትራመዳለች። ፀሐይ ገና አናት ላይ አልደረሰችም፤ መሬቱ ግን ከወዲሁ በጫማ ውስጥ እግር ይጠብሳል። የደረቀውን ወንዝ ተሻግረው ሜዳውን ሲይዙ ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ ዞር አለ።

«ሴትዮ፣ ፈጠን በይ እንጂ። ሻለቃው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሣው።»

«እኔስ እፈጥናለሁ ጌታ ጸሐፊ» አለች ሴቲቱ። «አህያዋን ማሳመን ነው የቸገረኝ። እሷ ደግሞ ደብዳቤ ማንበብ አትችልም።»

ጸሐፊው በቅሎዋን ኮረኮረ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ደብዳቤና ስለ ንባብ የሚነሣ ነገር ሁሉ ይቆነጥጠው ነበር።

ሴቲቱን አገሬው «ባለገመዷ» ይላታል፤ የጉድጓዱ መለኪያ ገመድ ከአያቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እሷ የመጣ ነውና። ጸሐፊውን ደግሞ «ባለጥላው» ይሉታል። በበጋው መግቢያ ጉድጓድ ሊመዘግብ በመጣ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ጥላ ወደ ጃንጥላው ጥላ፣ ከጃንጥላው ጥላ መልሶ ወደ ድንኳኑ ሲመላለስ ከርሞ፣ ፀሐይ ሳትነካው ነው የተመለሰው። ስም እንደወጣለት አያውቅም፤ ቢያውቅም ምናልባት ማዕረግ ይመስለው ነበር።

ነገሩ የተበላሸውም ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሜዳ የጉድጓድ ጥልቀት በክንድ አይለካም፤ በሰው ነው የሚለካው። የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ደረጃ ተጠርቧል፤ በየደረጃው አንድ ሰው ይቆማል። ከታች ያለው ውሃውን በቆዳ መቅጃ ይቀዳና በላዩ ላለው ያቀብላል፣ ያም ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ መቅጃው አፋፉ ላይ ካለው ገንዳ ይደርሳል። ውሃው ቅርብ በሆነበት ዓመት ሦስት ሰው ይበቃል፤ ያኔ ጉድጓዱ የሦስት ሰው ነው ይባላል። ሲርቅ የአራት፣ የአምስት ይሆናል። ዘንድሮ ሁለት ዝናብ ተከታትሎ ስለቀረ የሰባት ሰው ሆኗል። ከሰባት በታች አለት ነው፤ ስምንተኛ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም።

ጸሐፊው እንግዲህ ከድንኳኑ ሳይወጣ አንድ ሽማግሌ አስጠርቶ «ይህ ጉድጓድ የስንት ሰው ነው?» አለ። ሽማግሌው የባለገመዷ አማት ነበሩ። «የሰባት ሰው» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም የልባቸውን ተናገሩ፤ ሁለቱም ተደስተው ተለያዩ። ጸሐፊው የሸምበቆ ብዕሩን ከቀለም ቀንዱ ነክሮ ብራናው ላይ «ባለቤቶቹ ሰባት ሰዎች» ብሎ ጻፈ። ማኅተም ተደረገበት፣ ተጠቀለለ፣ ሣጥን ገባ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ማለትም ዛሬ ጠዋት፣ ያው ጸሐፊ በዚያችው በቅሎ መጥቶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመና አዋጅ አነበበ። የሰባቱ ሰዎች ጉድጓድ ከነገ ጀምሮ ለሻለቃው ሁለት መቶ ፈረሶችና በቅሎዎች ማጠጫ እንዲሆን ታዟል፤ ሰባቱ ባለቤቶች ከነቤተሰባቸው ወደ ሌላ ጉድጓድ ይዛወሩ፤ ሰባቱ ባለቤቶች ወደ ፊት ይቅረቡ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ጭቃቸውን እያራገፉ አንድ በአንድ ብቅ አሉና ተሰለፉ። የመጨረሻው የባለገመዷ ባል ነበር፤ የሰባተኛው ቦታ ተረኛ እሱ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ተነክሯል።

«ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ?» አለ ጸሐፊው።

«የምን ባለቤት?» አለ ባሏ። «እኛ ተረኞች ነን። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሰባት ይገባሉ።»

ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ። ጸሐፊውም ምን እንደተሳቀ ሳይገባው አብሮ ፈገግ አለ። ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ አንዱ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻም ጸሐፊው። ሁለት መቶ እንስሳ ከዚያ ጉድጓድ ቢጠጣ ለሰው ጠብታ አይተርፍም። ሌላ ጉድጓድ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ እሱም የራሱ ሰዎች አሉት።

ሽማግሌዎቹ አንድ ጥግ ይዘው ጥቂት ተነጋገሩና የባለገመዷ አማት ወደ እሷ መጡ።

«አገረ ገዢው ዘንድ አንቺ ሂጂ ልጄ። እኔ ከሄድኩ ደግሞ ሌላ ነገር ጠይቀውኝ ሌላ ነገር እመልሳለሁ።»

ገመዱን አህያዋ ላይ ስታስር ባሏ የልብሱን ጫፍ እየጨመቀ አጠገቧ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ሆዱ ሲባባ ስለ አየር ጠባይ ማውራት ይወዳል።

«ዛሬ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ እግሬን አደንዝዞኛል» አላት። «ቶሎ ተመለሺ። ምራትሽም ወሯ ገብቷል።»

እሷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው እግሩን ብቻ ነበር። ሰባተኛው ቦታ ሰውን ይጎዳል፤ ከእሱ በፊት የቆሙበት ሁለት ሰዎች ጉልበታቸው ተይዞ ቀርተዋል። ባሏ ግን ሌላው እንዳይጎዳ የሰዉን ሁሉ ተራ እየተቀበለ ይቆም ነበር። «ሰውዬ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አትግባ» አለችው። እንደሚገባ እያወቀች ነው ያለችው።

ሜዳውን አጋመሱት። በግራ በኩል አራት ባዶ ጎጆዎች አለፉ፤ በየበራቸው ድንጋይ ተደግፏል።

«የማን ናቸው?» አለ ጸሐፊው።

«የላም ሰዎች ናቸው። ጉድጓዱ የአምስት ሰው ሲሆን ላሞቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው ሥር ሄዱ። ድንጋዩን ያዩታል? እንመለሳለን ማለት ነው። የማይመለስ ሰው በሩን ነቅሎ ነው የሚሄደው።»

ጸሐፊው ጎጆዎቹን ዞሮ እያየ ጥቂት ሄደ። ባለፈው ጊዜም በዚሁ መንገድ ነበር ያለፈው፤ ጃንጥላውን ወደ ግራ አዘንብሎ ስለነበር አላያቸውም። በቅሎዋን ገታ አድርጎ ከባለገመዷ ጎን ተሰለፈ።

«ስሚኝማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገሩን እንዲህ ብናደርገውስ። ያኔ ሰባት ነበሩ፤ ከዚያ ሰዉ በዛ ብንል።»

«በስድስት ወር ውስጥ ሰባቱ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሆኑ?» አለች ባለገመዷ። «ድርቁ ለሰው ተስማምቶታል በሉኛ።»

ሳይወድ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ፊቱ ጠወለገ። «ዐሥራ አራት ዓመት ጽፌያለሁ። አንድ ፊደል ተሰርዞብኝ አያውቅም። ይህን ካወቁ ነገ የበቅሎ አሳሪ ነኝ።»

ባለገመዷ አዘነችለት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፀሐይ ፈርቶ ነው እንጂ። ቅሏን ከትከሻዋ አውርዳ ውሃ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ ተጎነጨና ለሦስተኛው ሲያነሣ ውሃው ከየት እንደመጣ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ክዳኑን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰላት። ጥቂት ቆይቶም ጃንጥላውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ። ጥላው ግማሽ እሷን፣ ግማሽ ገመዱን ያዘ፤ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ገባ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከተማው ደረሱ። የአገረ ገዢው ግቢ በስንቅና በኮርቻ ተጨናንቋል፤ ወታደሮች ጠፍር ያጠብቃሉ፣ ፈረሶች ባዶ ገንዳ ይልሳሉ። አገረ ገዢው ሰገነቱ ላይ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ሰፊ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን የቀጭን ሰው ነው። በቀኛቸው እናታቸው ዝቅ ባለ መከዳ ላይ ከነከዘራቸው፣ በግራቸው ሻለቃው ከነአቧራ ጫማው አሉ። ጸሐፊው እጅ ነሣ። ባለገመዷም እጅ ነሣች።

«ባለጉድጓዶቹ ተነሡ?» አሉ አገረ ገዢው።

«ጌታዬ… ሰባቱን ሰዎች… እንግዲህ ሰባቱን አላገኘኋቸውም።»

«ሸሹ?»

ጸሐፊው ብራናውን ያገላብጥ ጀመር። ባለገመዷ ቀና አለች። «አልሸሹም ጌታዬ። ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው።»

«ሞተው?» አለ ሻለቃው።

«ኧረ በሕይወት። እየቀዱ ነው።»

የአገረ ገዢው እናት ከዘራቸውን መሬት መታ አደረጉ። ነገር ሲጥማቸው እንዲህ ያደርጋሉ። «ይቺ ሴት ትናገር» አሉ።

ባለገመዷ ብዙ አልተናገረችም። ከስድስት ወር በፊት የተሰጠውን መልስ እንዴት ታስረዳ? አንድ ቃል ነው፤ በአንዱ ጆሮ ቁመት፣ በሌላው ጆሮ ርስት። ስለዚህ ፈቃድ ጠየቀችና ገመዷን ከአህያዋ አወረደች። በግቢው መሐል በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አለ። ጫፉ ላይ ድንጋይ አሥራ ገመዱን ወደ ታች ለቀቀች። ገመዱ ላይ በሰው ቁመት በሰው ቁመት ሰባት ቋጠሮዎች አሉ። ድንጋዩ ጧ ብሎ ውሃ ሲነካ አራተኛው ቋጠሮ አፋፉ ላይ ነበር።

«የጌታዬ ግቢ ጉድጓድ የአራት ሰው ነው» አለች። «ጌታ ጸሐፊም የእኛን እንደጻፉት አድርገው ይጻፉት።»

ጸሐፊው አያት። ለመካድ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ከዚያ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈና አነበበ። «የአገረ ገዢው ግቢ ጉድጓድ። ባለቤቶቹ አራት ሰዎች።»

እናቲቱ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«አንተ አንድ። ሚስትህ ሁለት። ልጆችህ ሦስት፣ አራት። ሞላ። እኔ እንግዲህ ከየት ልጠጣ ልጄ?»

አገረ ገዢው መጀመሪያ ወደ እናታቸው፣ ቀጥሎ ወደ ገመዱ፣ ቀጥሎ ወደ ብራናው አዩ። ሲገባቸው ሳቁ፤ ቀጭኑ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው፣ ወታደሮቹም የሚሳቅ መሆኑን አይተው ሳቁ። አልቆየም። ፊታቸውን ወደ ጸሐፊው መለሱ።

«ጉድጓዱን በዓይንህ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም ጌታዬ» አለ ጸሐፊው። «ከድንኳን ሳልወጣ ነው የጻፍኩት። የተሳሳቱት ሽማግሌው አይደሉም፣ እኔ ነኝ።»

ባለገመዷ ይህን ሲል ደስ አላት። ጉድጓዱ ገና አልተረፈም፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ሻለቃው ግን አልሳቀም፣ ደስም አላለው። ቁጡ ይምሰል እንጂ ከፈረሶቹ ጋር የሚያድር ሰው ነው። «ጌታዬ፣ ስህተቱ የጸሐፊው ነው፣ ጥሙ ግን የእንስሶቼ ነው። ሰባትም ይሁኑ ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ እንስሳ ነፋስ አይጠጣም።»

«ልክ ነህ» አለች ባለገመዷ፤ ማዕረጉን ረስታ ነው። «በአንድ ጉድጓድ ካልክ ግን አይሆንም። ድርቅ ሲመጣ መንጋ ይበተናል እንጂ አይሰበሰብም። እኛ የሦስት ሰው ሲሆን ሁላችንም አንድ ላይ ነን። የአምስት ሰው ሲሆን ላሞቹ ወደ ተራራው ይሄዳሉ። የስድስት ሲሆን ወይፈኑን በእህል ለውጠን በግመልና በፍየል እንቀራለን። ከከብት ግማሹን ለዘመድ አደራ እንሰጣለን፤ አንዱ ጋ ቢያልቅ ሌላው ጋ ይተርፋል።»

«እኔ የማዘው ሠራዊት ነው» አለ ሻለቃው። «ሠራዊት አይበተንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡም ይባላል» አሉ እናቲቱ። «ደግሞ ፈረስ ሎሚውን ይመስላል እንጂ ድሩን አይመስልም።»

አገረ ገዢው እጃቸውን አንሥተው ክርክሩን አቆሙት። ከገመዱ ራስ ላይ የተንጠለጠለውን ቀጭን ጠፍር እያዩ ነበር። ጠፍሩ ከላይ እስከ ታች በትንንሽ ቋጠሮ የተሞላ ነው፤ አልፎ አልፎ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

«ይህስ?»

«የዓመት ክር ነው ጌታዬ። አያቴ ነው የጀመረው። በየዓመቱ በጋው ሲያልቅ አንድ ቋጠሮ እንቋጥራለን። ጉድጓዱ የሰባት ሰው በሆነበት ዓመት ቀይ እናስራለን።»

አገረ ገዢው ከወንበራቸው ተነሥተው ወረዱና ጠፍሩን በጣታቸው እየዳበሱ ቆጠሩ። ከመጀመሪያው ቀይ እስከ ሁለተኛው ዐሥራ ሁለት ቋጠሮ ነበር። ቀጥሎ ዐሥር። ቀጥሎ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ የመጨረሻው አምስት።

«እየተቀራረበ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ ጌታዬ። አባቴ ላም ነበረው፤ እኔ ግመልና ፍየል ነው ያለኝ። ልጄ ደግሞ ግመሉን አብዝቶ ፍየሉን ይቀንሳል። ክሩ በነገረን ልክ እንለወጣለን። ግን ነገሩን ቀድመን ካወቅነውና መንገዱ ካልተዘጋብን ነው።»

አገረ ገዢው ጠፍሩን በቀስታ ለቀቁት። «ታዲያ የሻለቃውን እንስሳት የት ላድርሳቸው?»

ይህን ጥያቄ ከመንገዱ መጀመሪያ ጀምሮ ስትፈራው ነበር፤ መልሱን ታውቀዋለቻ። የደረቀው ወንዝ አምስት ቦታ ይታጠፋል። በየመታጠፊያው፣ ከአሸዋው ሥር፣ የአንድ ሰው ቁመት ሲቆፈር ውሃ አለ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ ከክፉም ለባሰው። ስጪ ያላት ሽማግሌ የለም፤ ከልክዪ ያላትም የለም። ዙሪያዋን አየች። አንድ ግራጫ ፈረስ በደረቀው ገንዳ ላይ አፉን አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። የጠማው ነገር የማንም ይሁን የማን ያሳዝናታል።

«አምስት ቦታ አሳያለሁ» አለች። «በየቦታው አርባ አርባ እንስሳ ይጠጣል። አርባ አንድ ከሆነ አሸዋው ይደፈርሳል። ሃያ ቀን ይጠጡና ይለፉ። የእኛም የመጨረሻ ተቀማጭ ነው ጌታዬ።»

ሻለቃው በጣቱ አሰላ። «አርባ በአምስት… ሁለት መቶ» አለ፣ ተገርሞ። «ሴትዮ፣ በእኔ ሠራዊት ውስጥ ስንቅ ሹም ብትሆኚ ይሻል ነበር።»

«ፈረስ አላውቅም። ጥም ነው የማውቀው።»

አገረ ገዢው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ትእዛዙ እዚያው ተጻፈ፣ እዚያው ታተመ። የጸሐፊውን ቅጣት ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበረ። «ነገ ከእርሷ ጋር ትሄዳለህ። በሰባተኛው ሰው ቦታ ቆመህ አንድ ቀን ትቀዳለህ። ከዚያ ስትወጣ በዓይንህ ያየኸውን ጻፍ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፤ ከበቅሎ አሳሪነት በመትረፉ እስከ መሬት ድረስ እጅ ነሣ።

«ጃንጥላህን እዚህ ተወው» አሉ እናቲቱ። «እኔ እይዝልሃለሁ።»

በማግስቱ ገና አየሩ ሳይሞቅ ተነሡ። ሻለቃው ከነፈረሶቹ ቀድሟቸው ወንዙን ይዞ ነበር፤ ባለገመዷ አምስቱን መታጠፊያ አንድ በአንድ አሳየችው፤ ወታደሮቹም በየቦታው አርባ አርባ እንስሳ ይዘው ቀሩ። በመጨረሻው መታጠፊያ ግራጫው ፈረስ ከአሸዋው ጉድጓድ አንገቱን አቀርቅሮ ሲጠጣ ቆማ አየችው። ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ያላዘዙኝን ሰጠሁ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል? ክረምቱ ቢቀርስ? ይህን እያሰላሰለች መንገዱን ጨረሰችው። ጸሐፊው ከጎኗ በእግሩ ይሄዳል፤ አህያዋ ደክማለችና በቅሎዋን ለገመዱ ትቶላታል፣ አፍንጫው ቀልቷል። ስለ ሰባተኛው ቦታ አምስት ጊዜ ጠየቃት። ጠባብ ነው? ጨለማ ነው? እባብስ? እሷም እባብ እንኳ እዚያ ድረስ እንደማይወርድ ነገረችው፤ ይህ አላጽናናውም።

ጉድጓዱ ከሩቅ ሲታይ ባለገመዷ ቆመች። ሰዉ ሁሉ አፋፉ ላይ ከቦ ቆሟል። የሚቀዳ አይመስልም። በዚህ ሰዓት ጉድጓድ የሚከበበው አንድ ሰው ከታች ሲቀር ነው። ገመዱንም፣ በቅሎዋንም፣ ጸሐፊውንም ትታ ሮጠች።

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ስትገባ ባሏ አፋፉ ላይ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ አገኘችው። ልብሱ ደርቋል። እግሩን ለፀሐይ ዘርግቶ የጣቶቹን መሐል በጥንቃቄ ያራግፋል፤ የበዓል ቀን ያለው ሰው ይመስላል።

«ምን ሆነህ ወጣህ?» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ተባረርኩ።»

«ማን አባረረህ?»

«ውሃው» አለ። «ትናንት ከሄድሽ በኋላ ገባሁ። አትግባ ብለሽኝ ነበር፤ ሰማሁሽ፣ ግን ገባሁ። ከጉልበቴ ወደ ወገቤ መጣ። እየቀዳሁ ነው ስል ደረቴ ደረሰ። አንድ ደረጃ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ስናየው ሰባተኛው ቦታ የለም። ውሃው ቀዝቅዟል ብዬሽ አልነበረም? አዲስ ውሃ ነው። ተራራው ላይ ከዘነበ ወር አልፎታል ማለት ነው፤ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ሲመጣ ከርሞ ትናንት ደረሰልን።»

ባለገመዷ አጠገቡ ቁጭ አለች። ጉልበቱን ነካችው፤ ደረቅና ሞቃት ነበር። የሰጠችው የአሸዋ ውሃ፣ የሽማግሌዎቹ ቁጣ፣ ሃያው ቀን፣ ሁሉም ከትከሻዋ ወረደ። አለቀሰች። አምስቱን መታጠፊያ እንደሰጠች ለአማቷ ስትነግራቸው ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «መልካም ሰጠሽ። ስንሰጥ ነው የተሰጠን» አሉ። ምናልባት ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ዝናቡ የዘነበው ከስጦታው በፊት ነውና። ግን ማንም አላረማቸውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጸሐፊው ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ቀረበ። የአንድ ትልቅ ሹም ጸሐፊ እግር እንዲያ ነጭ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ በፊት የጠረጠረ አልነበረም።

«የሰባተኛው ሰው ቦታ የት ነው?» አለ። «ታዝዣለሁ።»

ባሏ ከላይ እስከ ታች አየው። «እዚያ ታች ነው ጌታ ጸሐፊ። ውሃው ውስጥ። ዋና ይችላሉ?»

ሳቁ ከትናንቱ ይበልጥ ነበር፤ የሚያቆመውም ነገር አልነበረም። ጸሐፊውም ሳቀ፤ አሁን በምን እንደሚሳቅ ያውቃል። በስድስተኛው ቦታ እንዲቆም ተፈረደለትና ወረደ። መጀመሪያ ሦስት መቅጃ በራሱ ላይ ደፋ። ከዚያ ለመደው። ጀንበር ልትጠልቅ እስክትል ከታች «እንኩ… እንኩ…» የሚል ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ገንዳው ሞላ፣ ፍየሎቹ ጠጡ፣ ግመሎቹም ጠጡ። ሲወጣ ጭቃ ያልነካው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው። እጁን ሳይታጠብ ብራናውን ጠየቀ። መጀመሪያ የድሮውን «ሰባት ሰዎች» ሰረዘው፤ በዐሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው ስርዝ ነው።

«ቁመቱ የስድስት ሰው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «የሚጠጡት ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሰዎች። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» ሲል ሰዉ መለሰ።

በዚህ መሐል ከወዲያኛው ጎጆ የባለገመዷ አማት ከዘራቸውን ረስተው ሲሮጡ መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲሮጡ ያያቸው ሰው በሕይወት አልነበረም።

«ሴት ናት» አሉ። «ምራትሽ በሰላም ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ድምፅዋ ደግሞ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው።»

ባለገመዷ ተነሣች፤ ባሏም በዳኑት ጉልበቶቹ ተነሣ። ወደ ጎጆው ሲጣደፉ እሷ በመሐል ቆም አለችና ወደ ጸሐፊው ዞረች። ብዕሩን በጭቃ እጁ ይዞ ይጠብቃታል፤ ደግሞ ሳይጠይቅ መጻፍ ፈርቷል።

«ጌታ ጸሐፊ» አለችው፣ «በቁመቱ አንድ ቀንሰዋል፤ ጥሩ አደረጉ። በሰዉ ላይ ግን አንድ ይጨምሩልኝ።»